የተኛው በርሜል

«ስድስት!» አለ ደምለው። ጀሪካኑን ገልብጦ የመጨረሻዋን ጠብታ አራገፈና ቀጭን ዱላውን በቀዳዳው ውስጥ ከተተ።

በርሜሉ በግቢው መካከል በሁለት ድንጋዮች ተደግፎ በጎኑ ተኝቷል። ሆዱ ላይ መዳፍ የምታስገባ ቀዳዳ አለችው። ደምለው ዱላውን አወጣና ውኃው የደረሰበትን ቦታ በከሰል አሰመረ፤ ከቀደመው ምልክት እስከ አዲሱ ድረስ ጣቶቹን ደርድሮ ለካ። ሁለት ጣት ተኩል። ዓይኑን አሽቶ እንደገና ለካ። ያው ሁለት ጣት ተኩል።

«የመጀመሪያው ጀሪካን አምስት ጣት ነበር» አለ ለራሱ። «ያው ጀሪካን፣ ያው ውኃ፣ ያው በርሜል!»

«የእኔም ጀርባ አለበት» አለች ሚስቱ ወርቄ ከቤት ብቅ ብላ። «ከምንጭ ድረስ ከአህያው ጋር እኩል ተሸክሜ ያመጣሁት ውኃ ነው። ትናንት ሞላኸው፣ ቀዳኸው። ዛሬ ይኸው እንደገና። የሰው ባል ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ጨውም በርበሬም ይዞ ይገባል፤ የእኔው ውኃ እያስገባ ውኃ ያስወጣል!»

ደምለው አልሳቀም። በሌላ ቀን ቢሆን ቀልዷን በቀልድ ይመልስላት ነበር። ዛሬ ግን ከነጋ ጀምሮ መቀመጫ አጥቶ ነው የቆየው፤ ቁርሱንም እንደቆመ ሁለቴ ጎርሶ ትቶታል።

«ወርቄ» አለ ከበርሜሉ ቀና ሳይል። «አለነ ናፍጣውን አልሰረቀም።»

«ታዲያ እኔ መቼ ሰረቀ አልኩ? ያሉት እነሱ ናቸው።»

«እነሱ አይደሉም። ያልኩት እኔ ነኝ።»

ደምለው የመንገድ ካምፑ አናጺ ነው። ልጅነቱን ደረስጌ ማርያም በተማሪነት አሳልፎ ባሕረ ሐሳብ ጀምሮ ነበር፤ አጽዋማትንና በዓላትን በጣቱ አንጓ እየቆጠረ ሲያወጣ መምህሩ ሳይቀሩ ይደነቁበት ነበር ይባላል። ክህነቱ ሳይሆንለት ቀርቶ መጋዝና መሮ ያዘ እንጂ ቁጥር አልተወውም። ካምፑ ውስጥ ስሌት ያለበት ነገር ሲመጣ «ደምለውን ጥሩት» ይባላል። እሱም መጠራቱን ይወዳል፤ እንዲያውም ሳይጠራ የሚመጣበት ቀን ይበዛል።

ካምፑ የሊማሊሞን መንገድ የሚጠርጉት ዶዘሮችና ግሬደሮች ማደሪያ ነው። ናፍጣቸው ድሮ የሚጠራቀመው ቀጥ ብሎ በቆመ ታንከር ውስጥ ነበር። ያ ታንከር ዝጎ ማንጠባጠብ ሲጀምር ሃያ ሺህ ሊትር የሚይዝ አዲስ ታንከር ከጎንደር መጣ፤ እንደ አውቶቡስ የረዘመ፣ በጎኑ የሚተኛ። መለኪያ ዘንግ ግን አብሮት አልመጣም። የካምፑ ኃላፊ ሀብተ ሚካኤል እንደተለመደው ደምለውን ጠራው። ደምለውም ቀጥ ያለ ጥድ መርጦ፣ ልጎ፣ ዘንጉን ሃያ ቦታ እኩል ከፈለና በጋለ ብረት እየተኮሰ ከ፩ እስከ ፳ በግእዝ ቁጥር ጻፈበት። አንዱ ምልክት አንድ ሺህ ሊትር መሆኑ ነው። ለቆመውም ታንከር እንዲሁ ነበር ያደረገው፤ በዚያኛው አንድም ቀን ስህተት ተገኝቶበት አያውቅም።

ሲተኩስ የእንጨቱን ሌላ ጫፍ ይዞለት የነበረው አለነ ነው። አለነ የናፍጣው ጠባቂ ነው። የደምለውን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣውም እሱ ነው፤ «አበልጄ» ይባባላሉ። ዘንጉ ሲያልቅ አለነ ወዲያና ወዲህ አገላብጦ አየውና፣ «ስምህን ጻፍበት እንጂ! እንዲህ ያለ ሥራ ስም ያሻዋል» አለው። ደምለው እምቢ ለማለት ትንሽ ተግደረደረ። ከዚያ ከግርጌው ስሙን ተኮሰበት።

አዲሱ ታንከር በመጀመሪያዎቹ ወራት ከግማሹ በላይ ተሞልቶ አያውቅም ነበር። ከግማሽ ወደ ታች ሲወርድ ዘንጉ ወጪ ተብሎ ከተጻፈው ጋር ሲመሳከር ትንሽ አብልጦ ያሳያል፤ አለነም «ይቺ ታንከር በረከት ገብቶባታል» እያለ ይቀልድ ነበር። በሚያዝያ መጨረሻ ግን ክረምቱ ሊማሊሞን ሳይዘጋው ተብሎ ታንከሩ እስከ አፉ ተሞላ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጎንደር አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ዘንጉ ገባ፤ ወጣ። ፲፭ ላይ ቆመ። አምስት ሺህ ሊትር ወጥቷል ማለት ነው። ለመኪናዎቹ የተሰጠው ግን ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ብቻ ነው። አንድ ሺህ ሰማንያው የት ገባ?

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት እንዲህ ያለ ጥያቄ እዚያ ላይ አይቆምም። «ለየትኛው ወንበዴ ሰጠኸው?» የሚል ይከተለዋል። አለነ ታቦት እየጠራ ማለ። ኮሚቴው ደምለውን አስጠርቶ፣ «ዘንጉ ትክክል ነው?» ሲለው ደምለው ትንሽ እንኳ አላሰበበትም። ስለ አለነ መጠየቁን ረስቶ ስለ እጁ ሥራ የተጠየቀ መሰለው። «ይህ ዘንግ አይዋሽም» አለ ደረቱን ነፍቶ። ጽፈው አስፈረሙት። አለነ ቀና ብሎ አየው። በዚያው አሰሩት፤ ይኸው ዛሬ አሥራ ሰባት ቀኑ ነው።

ትናንት ደምለው የዝናብ ውኃ ሊያጠራቅምበት አንድ አሮጌ በርሜል በጎኑ አስተኝቶ ሆዱን በመሮ ቀደደው። ያፈስስ እንደሆነ ለማየት ውኃ ሲጨምርበት ነው የመጀመሪያው ጀሪካን እጅግ ከፍ ብሎ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ግን አዝግሞ እንደሚነሣ ያስተዋለው። በዚያው ዘንጉ ትዝ አለው። የቆመ በርሜል ከታች እስከ ላይ ስፋቱ አንድ ነው። የተኛ በርሜል ግን እታች ጠባብ ነው፤ ወገቡ ላይ ይሰፋል፤ እላይ መልሶ ይጠባል። ስለዚህ የአንዱ ጣት ውኃ ከሌላው ጣት ውኃ ጋር እኩል አይሆንም። ይህን ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ አያስፈልግም ነበር፤ ገምቦ ያዘነበለች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

«ሰባት» አለ ደምለው። ጨመረ። «ስምንት።» ጨመረ። ዱላውን ከተተ። የበርሜሉን ቁመት እንደ ዘንጉ ሃያ ቦታ ከፍሎ ዱላው ላይ ምልክት አድርጎ ነበር፤ ከሃያው አሥራ አምስተኛው ላይ ለመድረስ አንዲት ጣሳ ቀረች። ጣሳዋን ጨመራት።

«ዱላው አንድ መቶ ሃምሳ ሊትር ነው ይላል» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «የገባው ግን ስምንት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካንና አንድ ጣሳ፣ አንድ መቶ ስድሳ አንድ ነው። ታንከሩ የዚህ በርሜል መቶ እጥፍ ነው፤ እንግዲህ አሥራ ስድስት ሺህ አንድ መቶ። ወርቄ፣ ናፍጣው እዚያው ታንከሩ ውስጥ ነው ያለው! ማንም አልነካውም!»

ወርቄ ወደ በርሜሉ መጥታ ውኃውን አየች። ከዚያ ባሏን አየች። ቁጥሩን ተከትላ አልገባትም፤ የሚመጣውን ግን ከእሱ ቀድማ አየችው።

«ለማን ልትናገር ነው?» አለች ቀስ ብላ።

መልሱን ሳይሰጥ የግቢው በር ተንኳኳ። የገባችው የአለነ ሚስት ሸጊቱ ናት። በነጠላዋ የተቋጠረ ሳህን ይዛለች፤ ለባሏ ስንቅ ይዛ እየሄደች ነው። ፊቷ ከስቷል።

«እንዴት አደራችሁ» አለች ቆማ። «አበልጅ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ብዬ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ጎንደር ይወስዱታል አሉኝ። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረኝ አጣሁ። የእሱ ጋቢ አልቋል፤ አንድ ጋቢ ቢያውሱኝ...»

ደምለው ወደ በርሜሉ አቀረቀረ። ሸጊቱ ስለ ዘንጉ አንድ ጊዜም አንስታበት አታውቅም። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ በደጁ ስታልፍ ሰላምታ አላጎደለችበትም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ወርቄ ወደ ውስጥ ገብታ አዲሱን ጋቢ፣ ለፋሲካ ያለበሰችውን የባሏን ጋቢ አመጣችና ሰጠቻት። ሸጊቱ ስትወጣ ወርቄ በሩን ዘግታ ተደገፈችው።

«አራት ልጆች አሉህ» አለችው።

«እሱስ ስንት አለው?»

«ሦስት። ቁጥር ታውቃለህ አይደል?» አለችና ፊቷን አዞረች፤ እያለቀሰች መሆኑን እንዳያይባት።

ደምለው ወደ ካምፑ ሲሄድ ግማሽ መንገዱን በሩጫ ነው የሄደው። ሀብተ ሚካኤል ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ሀብተ ሚካኤል የጎንደር ልጅ ነው፤ የተማረ፣ ጠንቃቃ፣ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሳያነብ የማይፈርም። ደምለው ስለ በርሜሉ መናገር ሲጀምር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ገና ግማሽ ሳይደርስ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ገብቶኛል፤ በቃ» አለ። «ትምህርት ቤት ሳለሁ ተምሬው ነበር። ክብ ነገር እንዲህ ነው። ያን ቀን ትዝ ሳይለኝ ቀረ።»

«እንኳን ገባዎት! እንግዲህ ይጻፉልኝና ሳይወስዱት...»

«ደምለው፣ ተቀመጥ።»

«መቀመጥ አልችልም።»

«እንግዲያውስ ቆመህ ስማ። ያ ወረቀት ላይ ያንተ ፊርማ አለ፤ የእኔም አለ። አሁን ተነሥተህ ‹ተሳስቼ ነው› ብትል ተሳስቷል የሚልህ ያለ ይመስልሃል? አሻጥር ነው የሚሉህ። ጠባቂውና አናጺው ተመካክረው የሐሰት ዘንግ ሠሩ ይባላል። አበልጅ መሆናችሁን አገር ያውቃል። አንድ ሰው ለማስወጣት ብለህ ሁለት ሆናችሁ ትገባላችሁ።»

«ታዲያ ሰውዬው ይሂድ?»

ሀብተ ሚካኤል ጥግ ላይ የቆመውን ዘንግ አንሥቶ ሰጠው። በሩን አንዴ ዞሮ አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው።

«አዲስ ዘንግ ሥራ፤ ምልክቱን አስተካክለህ። ይኸኛውን ሰባብረህ ማገዶ አድርገው። ከእንግዲህ የሚመጣው ጠባቂ እንዳይበደል ማድረግ እንችላለን፤ ያለፈውን ግን...» በሩን ሲከፍትለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማቃጠሉ ከከበደህ እንኳ ስምህን ፋቀው» አለው።

ደምለው ዘንጉን በትከሻው ይዞ ወጣ። እግሩ ወዴት እንደሚወስደው አላወቀም። ወደ ቤት ጥቂት ሄዶ ተመለሰ፤ አለነ ወደታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ደግሞ ቆመ። የጭነት መኪናዎች ወደ ሊማሊሞ ከመውረዳቸው በፊት ፍሬናቸውን የሚፈትሹበት ቦታ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ልጆቹን አሰበ። ጎንደር ያለውን እስር ቤት በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ አሁን ግን በሩ ሳይቀር ታየው። ሀብተ ሚካኤል ልክ ነው። የሚያሳዝነውም ልክ መሆኑ ነው።

ታጣፊ ካራውን ከኪሱ አወጣ። ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከግርጌው ያለውን ስም መፋቅ ጀመረ። ጥዱ ደርቋል፤ ቢሆንም ካራው ሲያርፍበት ያው የጥንቱ ሽታው ወጣ። የመጀመሪያውን ፊደል፣ ‹ደ›ን፣ ፍቆ ጨረሰ። ወደ ‹ም› ሲሻገር እንጨቱ ጉልበቱ ላይ ተንሸራተተበት። ያን ጊዜ ሌላውን ጫፍ የያዘለት ሰው ነበር። «ስም ያሻዋል» ያለው ሰው። ደምለው ካራውን ይዞ ቀረ። ዘንጉ ላይ ‹ምለው› የሚል ብቻ ቀርቷል።

ካራውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተነሣ። አሁን እግሩ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ወርቄን አላናገራትም። ከበርሜሉ ውኃውን ወደ ጀሪካኖቹ መልሶ፣ በርሜሉን ከድንጋዮቹ ላይ አወረደና እያንከባለለ ወጣ።

ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል። ባዶ በርሜል በድንጋያማ መንገድ ላይ ሲንከባለል የሚያሰማውን ጩኸት የሰማ ሁሉ ዞሮ ያያል። በጎች በረገጉ። አንዲት ጌሾ ሻጭ፣ «ምነው ደምለው፣ ጠላ ልትነግድ ነው?» ስትለው ሰዎች ሳቁ። አንድ ሽማግሌ፣ «ባዶውን ነው እንዲህ የሚጮኸው፤ ቢሞላው ዝም ይል ነበር» አሉ። ደምለው ቀና አላለም። ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ዘንጉንና ዱላውን በብብቱ ይዟል፤ በሌላው እጁ በርሜሉን ይገፋል። እንዲህ ተዋርዶ በደባርቅ ገበያ መካከል ሄዶ አያውቅም።

የጣቢያው በር ሲታየው ነው ነገሩ ትዝ ያለው። ውኃ አልያዘም። በዚያ ላይ ማን ውኃ ይሰጠዋል? ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ ከኋላው፣ «ሂድ! ሂድ አንተ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ወርቄ ናት። አህያው ላይ አራት ጀሪካን ጭናለች፤ ከኋላዋ የጎረቤቱ አህያ አራት ይዞ ይከተላል፤ ሁለቱን ደግሞ ራሷ በጀርባዋ አዝላለች።

«ውኃ የሌለው በርሜል ምን ያደርግልሃል?» አለችው። ፊቷ እንደተቆጣ ነው። ደምለው ያን ሰዓት የወደዳትን ያህል በሠርጋቸውም ቀን አልወደዳትም።

በጣቢያው ግቢ ሸራ የለበሰ መኪና ቆሟል። አለነ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ እጆቹ በገመድ ታስረዋል፤ ትከሻው ላይ የደምለው ጋቢ ተደርቧል። ሸጊቱ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። መቶ አለቃ ያርጋል ወረቀት ይዘው ሾፌሩን ያነጋግራሉ። ያርጋል የዳባት ገበሬ ልጅ ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ነገር የሚያዳምጡ፣ ግን ሲሰለቻቸው የማይደብቁ ሰው ናቸው።

«በርሜል ሻጭ ወደ ገበያው ነው» አሉ።

«መቶ አለቃ፣ በዚህ ሰው ላይ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ምስክርነቴ ትክክል አልነበረም። ሩብ ሰዓት ይስጡኝና ላሳይዎት።»

«ምኑን ነው የምታሳየኝ?»

«የጠፋውን ናፍጣ።»

መቶ አለቃው ሾፌሩን አዩ፤ ሾፌሩ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሩብ ሰዓት» አሉ።

ደምለው በርሜሉን በድንጋይ ደግፎ አስተኛውና ቁመቱን በዱላው ለክቶ ዱላውን እኩል አራት ቦታ በከሰል አሰመረ። ስምንት ጀሪካን ተራ በተራ ጨመረ፤ አንድ ጣሳም አከለ። ዱላውን ሲያወጣው ውኃው ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሷል።

«አሁን ከአራቱ ሦስቱ ሞልቷል፤ አንዱ ሩብ ቀርቷል። በርሜሉ አሥር ጀሪካን ይይዛል። በዚህ ዱላ ስንት ጀሪካን ይቀረዋል?»

«አትፈትነኝ፤ ሁለት ተኩል ነዋ» አሉ መቶ አለቃው።

«እርስዎ ራስዎ ይጨምሩት።»

መቶ አለቃው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ከዚያ ወረቀታቸውን ለሾፌሩ ሰጥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አንድ ጀሪካን ጨመሩ። ሁለተኛውን ሲጨምሩ በመጨረሻው ላይ ውኃው በቀዳዳው ሞልቶ በጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ወደኋላ ሸሹና ቀዳዳዋን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሞላ» አሉ።

«ሁለት ተኩል ብለው ነበር። ሁለቱ ብቻ ገቡ። ግማሿ ጀሪካን የት ሄደች?» አለ ደምለው። ድምፁ ከፍ አለ፤ መቆጣጠር አልቻለም። «እዚህ የነበርን እኛ ነን። እርስዎ ሰረቋት? እኔ ሰረቅኳት? ያልነበረች ግማሽ ጀሪካን ናት! የተኛ በርሜል እላይ ይጠባል፤ ዱላው ግን እኩል የተከፈለ ስለሆነ ይህን አያውቅም። በታንከሩ መቶ እጥፍ ሲሆን አንድ ሺህና ጥቂት ሊትር ይመጣል። አለነ አጠፋው የተባለው ናፍጣ ይህ ነው። ከመጀመሪያውም አልወጣም።»

ሸጊቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ጣቱን በበርሜሉ ክብ ላይ አስኬደና፣ «እውነቱን ነው፤ የእኔም መኪና ታንክ የመጨረሻው ሩብ ላይ ሲደርስ ቶሎ ነው የሚያልቀው» አለ።

መቶ አለቃ ያርጋል እርጥብ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ከዚያ ወረቀታቸውን ተቀብለው፣ «ዛሬ አይሄድም» አሉ ለሾፌሩ። «መልቀቅ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ይህን ጽፌ ወደ ጎንደር እልካለሁ፤ መጥተው ታንከሩን ራሳቸው ይለኩት።»

ሸጊቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አለነ ግን አልተነሣም። ደምለውን ትኩር ብሎ ሲያየው ቆየና፣ «ያን ጊዜም ዘንጉ ያማረ ነው እንጂ ትክክል ነው አላልኩህም ነበር» አለው። ድምፁ ሻክሯል፤ ቀልዱ ግን የድሮው ነው። ደምለው ሊስቅ ሞክሮ ዓይኑ እንባ ሞላበት።

መቶ አለቃው ደምለውን ወደ ጎን ወሰዱት። «ስማኝ» አሉ በዝግታ። «ስጽፍ የዘንጉን ሠሪ መጻፍ አለብኝ። ‹ከታንከሩ ጋር የመጣ ዘንግ› ብዬ ብጽፍ አንተ በዚህ ነገር የለህበትም። ሠሪው አንተ ነህ ካልኩ ግን እነዚያ ሰዎች ማንን እንደሚፈልጉ ታውቃለህ። ልጆች አሉህ?»

«አራት።»

«እንግዲህ አስብበት።»

ደምለው አሰበ። ማሰቡ ረጅም ጊዜ አልፈጀበትም። ከፋብሪካ የመጣ ዘንግ ተሳሳተ ቢባል ጎንደር ላይ ማን ያምናል? ያ ወረቀት አንድ ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ውሎ ይጣላል፤ መኪናውም ተመልሶ ይመጣል። አንድ የደባርቅ አናጺ የቆመን ታንከር በለመደ እጁ የተኛውን ለካ ከተባለ ግን ሊታመን ይችላል። ሊታመን ይችላል እንጂ ይታመናል አይባልም። ወደ አለነ አየ፤ አለነ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሏል፤ እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አታድርግ ሊለው አልፈለገም። ወደ ወርቄ አየ። የአህያውን ገመድ በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛ ታየዋለች። ቅርብ ቆማ ነበርና ሁሉንም ነገር ሰምታለች።

ወርቄ አንገቷን በትንሹ በአዎንታ ነቀነቀች።

ደምለው ረጅሙን ዘንግ ከመሬት አንሥቶ ግርጌውን ወደ ላይ አዞረው። የተፋቀው እንጨት ነጭ ሆኖ ይታያል። ኪሱን ዳበሰ፤ ከካራው አጠገብ የከሰል ቁራሽ አገኘ። ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከ‹ምለው› ፊት፣ በነጩ ላይ፣ በወፍራሙ ‹ደ› ብሎ ጻፈና ለመቶ አለቃው አቀበላቸው።